አንድ ድምጽ፣ አንድ ፊደል

ረቡዕ ማለዳ፣ እንጅባራ ገና ከጉሟ ሳትላቀቅ፣ የባለ አራት ፎቁ ሕንፃ ጥበቃ ጋሼ ወርቅአየሁ የተጠራቀመውን የዝናብ ውኃ ለመጥረግ የኋላውን በር ከፈቱ። በጓሮው የሲሚንቶ ወለል ላይ ጥቁር ሰማያዊ ጃኬት ወድቆ አዩ። ሊያነሡት ጎንበስ ሲሉ ጃኬቱ ባዶ አልነበረም።

ዋና ኢንስፔክተር ይታይሽ ባዘዘው ከዞኑ ፖሊስ የደረሰችው አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሟቿን ጋሼ ወርቅአየሁ አስቀድመው ለይተዋታል። በሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለው የድንች ዘር አቅራቢ ኩባንያ የመረጃና ትንተና ክፍል ኃላፊ፣ የሠላሳ አንድ ዓመቷ ትህትና ተሻገር ነበረች።

«በመጨረሻ መቼ አዩዋት?» አለች ይታይሽ።

«ትናንት ማክሰኞ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወደ አዲስ ቅዳም ልትሄድ ስትወጣ። ስትመለስ አላየኋትም።»

«ማታ አካባቢስ ምንም አልሰሙም?»

«ልዋሽሽ አልችልም፣ ልጄ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያ ዝናብ ሲወርድ ከጥበቃ ቤቴ አልወጣሁም። ቆርቆሮው ሲጮኽ እንኳን የሰው መውደቅ፣ ራሴ ሳስል አልሰማም።»

«ሌላ ሰው ገብቶ እንደሆነስ?»

«ማክሰኞ የመስክ ቀናቸው ነው፤ ቢሮው ባዶ ነው የሚውለው። ቁልፍ ያለው ሰው ግን በኋላ በር ይገባል። እኔን ማን ይጠይቀኛል?»

ይታይሽ ደረጃውን ወጥታ ሰገነቱ ላይ ደረሰች። ከውኃ ታንከሩ ሥር አንድ ስልክ ወድቋል። በሕንፃው ውስጥ ኔትወርክ ስለማይረጋ ሠራተኞቹ ስልክ የሚደውሉት ከዚህ ነው። የመጨረሻው ጥሪ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ላይ ለሥራ አስኪያጁ ተደውሎ ያልተነሣ ነበር።

በሦስተኛው ፎቅ፣ በሟቿ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው። ይታይሽ በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ቆማ አነበበችው፤

«ለአባቴ፣ የተሰጠኝን ሀላፊነት መሸከም አቃተኝ። የሰራሁት ስህተት ብዙ ገበሬ ጎድቷል። ከእንግዲህ ጸሀይ ስትወጣ ማየት አልፈልግም። በጸሎትዎ አስቡኝ። እግዚአብሄር ይቅር ይበለኝ። ልጅዎ ትህትና።»

ጽሑፉን አሳትማ በክላሰር ውስጥ ከተተችው። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ቃል አጭር ነበር። «ከከፍታ ወድቃለች። ራሷ ትውደቅ፣ ሰው ይጣላት፣ አጥንቷ አይነግረኝም።»

የምርመራው ኮማንደር በስልክ የተናገሩት ደግሞ ከዚያም ያጠረ ነው። «ደብዳቤ ትታለች። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ይታይሽ ምን እንደምትፈልግ ገና አላወቀችም። አንዲት ሴት ልትሞት ቆርጣ፣ ደብዳቤዋንም ጽፋ፣ ሰገነት ላይ ወጥታ ለአለቃዋ ለምን ትደውላለች?

*

መሪጌታ ተሻገር ከዳንግላ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥተው በሆስፒታሉ አጥር ሥር ቆመው ነበር። ነጭ ጥምጥማቸው በአንድ በኩል ተፈትቶ ትከሻቸው ላይ ወርዷል፤ አላስተዋሉትም።

«የመጣሁት ስደናበር ነው፤ መነጽሬን እንኳ አልያዝሁም» አሉ። «ጽፋልኛለች ያሉኝን አንብቢልኝ።»

ይታይሽ ደብዳቤውን ቀስ ብላ ጮክ አድርጋ አነበበችላቸው። ሽማግሌው ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«በጸሎትዎ አስቡኝ…» አሉ ሲጨርሱ። «ሁልጊዜም እንዲህ ትለኛለች። ቃሉ የእርሷ ይመስላል።» ከዚያም አጥሩን ተደገፉ። «የደብራችን አስተዳዳሪ ማለዳ ሰው ልከውብኝ ነበር። ራሷን ያጠፋች እንደሆነ ፍትሐት የላትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው ሬሳ ላይ ቆሜ ደግሜያለሁ፤ ሌባም ሲሞት፣ ሰካራምም ሲሞት ደግሜያለሁ። ለልጄ ግን አፈር ብቻ ላለብሳት ነው።»

«ቀብሩ መቼ ነው?»

«ነገ በዘጠኝ ሰዓት። ከዚያ በላይ አናሳድራትም። አስተዳዳሪው ማኅተም ያለበት የፖሊስ ወረቀት ካየሁ ፍትሐቱን እፈቅዳለሁ ብለዋል።»

«የቻልሁትን ሁሉ አደርጋለሁ፣ መሪጌታ።»

«ለእኔ ብለሽ አታድርጊው» አሉ ሽማግሌው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብለው እያዩዋት። «ራሷን አጥፍታም ከሆነ ራሷን አጠፋች በይኝ። ውሸት ይዤ መቅደስ አልገባም። እውነቱን ብቻ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት።»

*

የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ አቶ እንየው ጥሪው በተደወለበት ሰዓት ዳንግላ ላይ ከስምንት የኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቃነ መናብርት ጋር ስብሰባ ተቀምጠው ነበር። ይታይሽ ከመካከላቸው ለሁለቱ ደውላ አረጋገጠች።

«ስልኬን ድምፅ አልባ አድርጌው ነበር» አሉ። «እርሷ ከመምጣቷ በፊት በግምት ነበር የምንሠራው። የትኛው ገበሬ ዘር ወሰደ፣ የማን ማሳ ታመመ፣ ማንም አያውቅም። አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ የነበራትን ሥራ ትታ መጥታ ይህን ክፍል ከምንም ተነሥታ አቆመችው። ዲግሪ ያላቸውን ብቻ ቅጠሪ ብላት ‹ከገበሬው ጋር በአፉ የሚነጋገር ሰው ነው የሚያስፈልገኝ፤ ኮምፒውተሩን እኔ አስተምራለሁ› አለችኝ።»

በክፍሉ ግድግዳ ላይ በትልልቁ የታተመ ወረቀት ተለጥፏል። ሦስት መስመር ብቻ ነው።

አንድ ድምጽ፣ አንድ ፊደል።
ባዶውን ባዶ በል።
ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ሰው በስሙ ጥራ።

«ምን ማለት ነው?» አለች ይታይሽ።

የመለሰችላት የመስክ መረጃ ሰብሳቢዎቹ አስተባባሪ ፍቅርአዲስ ናት፤ ክብ ፊቷ በልቅሶ አብጧል። «የመጀመሪያው የፊደሉ ነው። ፀጋው የሚባል ገበሬ ነበረን። አንዱ ሰብሳቢ በፀሐዩ ፀ፣ ሌላው በጸሎቱ ጸ መዘገበው። ማሽኑ ሁለት ሰው አደረገው፤ ፀጋው ሁለት ጊዜ ዘር ሲወስድ ጎረቤቱ ባዶ እጁን ቀረ። ከዚያ በኋላ በቢሮ ሥራ ሞክሼ ፊደል ቀረ። ሀ አንድ ብቻ፣ ሰ አንድ ብቻ፣ አ አንድ ብቻ፣ ጸ አንድ ብቻ። መጀመሪያ ሳቅንባት። በኋላ እጃችን ለመደው፤ የምንላላከው መልእክት ሁሉ እንዲያ ሆነ፣ የእርሷም ጭምር።»

«ሁለተኛውስ?»

«ያላየኸውን አትሙላ ማለት ነው። ሰብሳቢው ያልደረሰበት ቤት ካለ ቦታው ባዶ ይቀመጥ።» ፍቅርአዲስ መሐረቧን ጨበጠች። «ሦስተኛው ነው ሰኞ ዕለት ጉድ ያፈላው። በየሰኞው ስብሰባ አንድ ቁጥር ታነሣና ‹ይህ ማነው?› ትላለች። ባለፈው ሰኞ በአዲስ ቅዳም በኩል ካሉት መንደሮች የአንዲት ሴት ቤት አነሣች። ማሳቸው ጤነኛ ነው፣ በሽታ የለበትም የሚል ነው። ምንይችል በሚባለው ሰብሳቢያችን ስም የገባ ነው። ‹ይህች ሴት ማናት?› አለችው። ‹አላውቃትም፤ ይህን እኔ አልጻፍሁም› አለ።»

«ዋሽቶ ነው?»

«ማን ያምነዋል? ባለፈው ዓመት ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ቅጽ ሲሞላ ተይዞ ማስጠንቀቂያ አለበት። እርሷም ‹ነገ ራሴ ሄጄ አያለሁ› አለች። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዲስ ቅዳም ላይ አዲስ ሰብሳቢዎችን ሳሠለጥን መጣችብኝ። ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ነበር። ‹ሴትዮዋ የለችም፣ ፍቅርአዲስ። ቤቱም የለም። በመንደሩ መረጃ ሰብሳቢ ደርሶ አያውቅም› አለችኝ። ከዚያ ወደ እንጅባራ ሚኒባስ ገባች።»

ፍቅርአዲስ ሥልጠናውን የጨረሰችው ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ዐሥራ አንድ ሠልጣኞች ይመሰክሩላታል።

የቢሮ ኮምፒውተር የሚነካ ሌላው ሰው የክፍሉ ምክትል መሳፍንት ነው። ከደብረ ማርቆስ የመጣ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር የሠላሳ ዓመት ሰው።

«እኔ ዳንግላ ነበርሁ» አለ፣ ታብሌቱን እያዞረላት። «ማክሰኞ ማክሰኞ ጥቂት ቤቶችን ራሴ እየዞርሁ አጣራለሁ። ይኸው፤ ሰዓቱም፣ ቦታውም ተመዝግቧል።»

በካርታው ላይ ስምንት ቀይ ነጥቦች በዳንግላ ዙሪያ ተበትነዋል። የመጀመሪያው በስምንት ሰዓት፣ የመጨረሻው ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሩብ ሲቀረው የተመዘገበ ነው። በዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያለው ነጥብ ማሪቱ በምትባል ገበሬ ደጃፍ ላይ ያርፋል።

«መሳፍንት፣ አገውኛ ትችላለህ እንዴ?» አለች ይታይሽ።

ፍቅርአዲስ በልቅሶዋ መካከል ፈገግ አለች። «እርሱ? ሁለት ዓመት ሙሉ ‹ደኅና ዋላችሁ› ማለት አስተምሬው ያስቃቸዋል እንጂ አይገባቸውም።»

«ዳንግላ ዙሪያ ያሉት አማርኛ ይችላሉ» አለ መሳፍንት። «ስለ ምንይችል ግን መናገር ከብዶኛል፣ ኢንስፔክተር። ክፉ ልጅ አይደለም። ሥራው ነው የጨነቀው።»

*

ምንይችል በተከራየው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ተገኘ። ዕድሜው ሃያ ስድስት ነው፤ ጉንጮቹ ጎድጉደዋል።

«ትናንት አሞኝ ተኝቼ ዋልሁ» አለ።

የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ዮዲት ከበሩ ጀርባ ሆነው ሰሙት። «ምን ዐይነት በሽታ ነው የጎማ ጫማ የሚያስለብስ? ጠዋት ሁለት ሰዓት ወጣ፤ የተመለሰው ጨለማ ሲይዝ ነው። ሆሆይ!»

ምንይችል አንገቱን ደፋ። የት ዋልህ ቢሉት፣ ከማን ጋር ነበርህ ቢሉት፣ አንድ ቃል አልመለሰም። ወደ ጣቢያ ወሰዱት።

ኮማንደሩ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ይታይሽን ተመለከቱ። «ወይ ራሷ ናት፣ ወይ ይህ ልጅ ነው። ነገ ከሰዓት በፊት ከሁለቱ አንዱን ጻፊና ፋይሉን ስጪኝ።»

«ምንይችል የቢሮ ቁልፍ የለውም። መረጃ ሰብሳቢዎቹ አሁን ታብሌት ላይ ምርጫ ይነካሉ እንጂ በቢሮው ኮምፒውተር አይጽፉም። ደብዳቤውን እንዴት አድርጎ ጻፈው?»

«እንግዲያው ራሷ ናታ!»

ከሁለቱ አንዱን መጻፍ ቀላል ነበር። አንደኛው ቃል ግን አንድ ወጣት ወኅኒ ያስገባል፤ ሌላኛው አንዲት ሴት ያለ ጸሎት ያስቀብራል። ባዶውን ባዶ በል የሚለው መስመር ከግድግዳው ተነሥቶ አብሯት የመጣ መሰላት። ፋይሉን ባዶውን ዘጋችው።

*

ሐሙስ ማለዳ ሁለት ሰዓት ላይ ይታይሽ ዳንግላ ደረሰች። መሪጌታ ተሻገር በቤታቸው ደጅ፣ ለለቅሶ በተተከለው ድንኳን ጥግ ተቀምጠዋል። ዛሬ መነጽራቸውን አድርገዋል።

«እውነቱን አገኘሽው?»

«ገና ነኝ። የመጣሁት ደብዳቤውን እርስዎ ራስዎ እንዲያዩት ነው፤ ምናልባት የሚያውቁት ነገር ካለ ብዬ።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ ዘወር አሉ። የመጀመሪያውን መስመር አንብበው ቆሙ። ጣታቸው በወረቀቱ ላይ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ተመላለሰ።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«ትናንት ያነበብሁልዎት ነው። ያው ነው።»

«የሰማሁት ሌላ፣ የማየው ሌላ!» ድምፃቸው ስለ ጨመረ በድንኳኑ ውስጥ ያሉ ሰዎች ዘወር አሉ። «ለጆሮ አንድ ነው፤ ለዐይን ግን… እዪ። ‹እግዚአብሄር›። ሐመሩ ሐ የት ሄደ? ‹የሰራሁት› በእሳቱ ሰ! ፀሐይን እዪልኝ! ፊደሉ ራሱ ‹ፀሐዩ ፀ› እየተባለ የሚጠራው በእርሷ ስም ነው፤ ይህ ሰው ፀሐይን በጸሎቱ ጸ ጻፋት። ልጄ በስድስት ዓመቷ እንዲህ ብትጽፍ ሰሌዳዋን አስደምስሼ መቶ ጊዜ አስጽፋት ነበር።»

«መሪጌታ፣ በቢሮ ግን እንዲህ ነበር የምትጽፈው። ደንቡን ያወጣችውም ራሷ ናት።»

«እርሱን መች አጣሁት።» ተነሥተው ወደ ቤት ገቡና አንድ የካርቶን ሣጥን ይዘው ተመለሱ። «ጆሮዬ ስለ ደከመ በስልክ አንግባባም። በየሁለት ሳምንቱ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ትልክልኛለች።»

በእጅ የተጻፉ ደብዳቤዎች ነበሩ፣ ሃምሳ ያህል። መሪጌታ አንዱን መዘው አወጡ። ይታይሽ አነበበች፤ «አባዬ፣ ለማሽኑ ስል ሞክሼዎቹን ፊደሎች አንድ አድርጌያቸዋለሁ፤ እንዳይቆጡኝ። ገበሬው እንዳይጠፋብን ነው። ለእርስዎ ስጽፍ ግን ሁሉንም ወደየቦታቸው እመልሳቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ እኔም ወደ ቤቴ የተመለስሁ ይመስለኛል። ሥራዬ ደኅና ነው። በጸሎትዎ አስቡኝ። ልጅዎ ትሕትና።»

ከላይ እስከ ታች አንድም ፊደል ቦታውን አልሳተም። ስሟም በሐመሩ ሕ ነው፤ አባቷ ያወጡላት እንዲያ ነበርና።

ይታይሽ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዛ ቆመች። የሐሰት ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ሰነፍ አልነበረም። እርሷን ለመምሰል ተጠንቅቆ፣ የእርሷን ደንብ አንድም ሳያጓድል ነው የጻፈው። አለቃውን ዐወቃት፤ የአባቷን ልጅ ግን አያውቃትም። ያን ደንብ በእጁ የለመደው ሦስት ሰው ብቻ ነው። አንደኛዋ ሞታለች፤ ሁለተኛዋ ዐሥራ አንድ ምስክር አላት። ሦስተኛው ያለው ስምንት ቀይ ነጥብ ነው።

«ማሪቱ የምትባል ሴት ቤት ወዴት ነው?» አለች።

*

መንገዱ ጭቃ ስለ ሆነ ባጃጅ አይገባበትም። ጋሪ ነጂው ይኸነው የደንብ ልብሷን አይቶ ጅራፉን ዝቅ አደረገ።

«ፖሊስ ጭኜ አላውቅም፣ እቴ። ፈረሴ ቢደናቀፍ የምትከሺው እርሱን ነው ወይስ እኔን?»

«ፈጥኖ ካላደረሰኝ ሁለታችሁንም።»

«ሰማህ፣ ዳማ? ከሁለት አንዳችን እንኳ እንድንተርፍ ሩጥ!»

ማሪቱ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ወገባቸው ያልጎበጠ ሴት ናቸው። ይታይሽ በአማርኛ ሰላምታ ስትሰጣቸው ፈገግ ብለው እጃቸውን ወደ ጆሯቸው አደረጉ። በአገውኛ ስትደግመው ፊታቸው በራ፤ ወንበርም አቀረቡላት።

«እማማ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ስለ ድንችዎ የሚጠይቅ ሰው መጥቶ ነበር?»

«መጥቷል እንጂ። ደግ ልጅ ነው። ዝናቡ እስኪያባራ እዚህ ተቀመጠ።»

«በምን ቋንቋ ተነጋገራችሁ?»

«በምን እንነጋገራለን? በአፋችን ነዋ! የቆሰበር ልጅ ነኝ አለኝ። የእናቱን ቤተ ሰብ ዐውቃቸዋለሁ፤ ቆጥረን ቆጥረን ልንዛመድ ምንም አልቀረን።»

«አማርኛ አይችሉም?»

ማሪቱ ሳቁ። «‹ደኅና› ማለት እችላለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ያልፈኛል።»

ይታይሽ ስልኳን አውጥታ ሁለት ፎቶግራፍ አሳየቻቸው። የመሳፍንትን አይተው አይደለም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። የምንይችልን ሲያዩ በጣታቸው መታ አደረጉት። «ይኸው! ለምን ከሳ?»

ወደ ከተማው ስትመለስ ጋሪው ላይ ሆና ወደ ጣቢያ ደወለች። ስልኩን ለምንይችል እንዲሰጡት አደረገች።

«ምንይችል፣ ማክሰኞ እማማ ማሪቱ ቤት ምን ሰጡህ?»

የፈረሱ ኮቴ ብቻ ይሰማል። ከዚያ በቀጭን ድምፅ «እርጎ» አለ።

«የመሳፍንትን ታብሌት ይዘህ ነበር።»

«ሰኞ ማታ ሰጠኝ። ‹በእኔ ፈንታ ዙርልኝ፤ እኔ ደግሞ ነገ ስለ አንተ እመሰክራለሁ› አለኝ። በሰው ስም መሥራቴ ከታወቀ ሥራዬ እንደሚያበቃ ዐውቃለሁ። ደግሞም ራሷን አጠፋች አላችሁኝ፤ በእኔ የተነሣ ነው ብዬ… ያችን ሴትዮ ግን እኔ አልጻፍኋትም፣ ኢንስፔክተር። ማንም አላመነኝም እንጂ አልጻፍኋትም።»

«አምኜሃለሁ» አለች ይታይሽ።

*

መሳፍንትን በቢሮው፣ ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጦ አገኘችው። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል» አለች። «እማማ ማሪቱ በምን ቋንቋ አናገሩህ?»

«በአማርኛ» አለ ሳያመነታ። «ትንሽ ይሰባበርባቸዋል እንጂ ይችላሉ።»

«አይችሉም። ምንይችልን ግን ሊዛመዱት ነበር።»

መሳፍንት ዐይኑን ወደ ታብሌቱ ጣለ። ይታይሽ ሁለቱን ደብዳቤዎች ከፊቱ ዘረጋች። የትሕትናን የእጅ ጽሑፍ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። በመጨረሻ ስሟ ላይ ሲደርስ ፊደሉን በጣቱ ነካው።

«እንደምትጽፈው አድርጌ ነበር የጻፍሁት» አለ በሹክሹክታ። «ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትጽፍ ነው ያየኋት።»

«ለማሽን ስትጽፍ ነው ያየሃት። ይህ ለአባቷ ነው።»

ከዚያ በኋላ ቃሉን ለማውጣት አልታገለም። ባለፈው ክረምት ሰብሳቢዎቹ በጎርፍ የተነሣ አርባ ቤት ሳይደርሱ ቀሩ። ዘገባው ለቦርድ የሚቀርብበት ቀን ተቃርቦ ነበር። ባዶ ቦታ ያለው ዘገባ የክፍሉን ዐቅም ያስንቃል ብሎ ፈራ፤ በአካባቢው ካሉት ቤቶች አማካይ እየወሰደ አርባ ቤት፣ አርባ ስም፣ አርባ ጤነኛ ማሳ በኮምፒውተር ፈጠረ። ማን እንደ ሰበሰበው ለሚለው የምንይችልን መለያ ሰጠው፤ ማስጠንቀቂያ ያለበት ሰው ነውና። ከእነዚያ መንደሮች የተሰበሰበው ድንች ጤነኛ ነው ተብሎ ለዘር ተከፋፈለ። ዘሩ ግን የሚያጠወልገውን በሽታ ይዞ ነበር፤ በዘንድሮው መኸር የስንት ገበሬ ማሳ ቆሞ ደረቀ።

«ማክሰኞ የገባሁት መዝገቡን ላጠፋ ነው። እርሷ መጣች። አልጮኸችብኝም።» መሳፍንት መዳፎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። ‹ነገ ገበሬዎቹ ፊት እንቆማለን፤ ኃላፊዋ እኔ ነኝና መጀመሪያ እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ከእኔ ቀጥለህ› አለችኝ። አቶ እንየው ዘንድ ልትደውል ሰገነት ወጣች። ተከተልኋት። ዝናብ ነበር። ስልኩን ልነጥቃት ስል አዳለጣት…»

ይታይሽ ጠበቀችው።

«አይደለም» አለ በመጨረሻ። «አላዳለጣትም። ገፋኋት።»

ይታይሽ ሰዓቷን አየች። የእስረኛውን ቃል ለመጻፍ አንድ ሰዓት፣ ኮማንደሩን ለማስፈረምና ማኅተም ለማስመታት ሌላ ግማሽ ሰዓት ወሰደባት። አቶ እንየው በዚያው ሰዓት የዘር መጋዘኑን ዘግተው ቁልፉን ለፖሊስ አስረከቡ። ምንይችል ከእስር ሲወጣ ማንም ወደ ቤትህ ሂድ አላለውም፤ ራሱ መኪናው ላይ ወጣ።

*

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሩብ ሲቀረው ደብሩ ደረሱ። አስከሬኑ በቅጥሩ ውስጥ፣ በጽዱ ሥር በቃሬዛ ላይ ተቀምጧል። ካህናቱ ልብሰ ተክህኖ አልለበሱም፤ ጽና አልተነሣም። ሕዝቡ ከአጥሩ ወጥቶ በኩርማን ሜዳ ላይ ቆሟል። ማልቀስ እንኳ ሰው ፈርቶ ነበር።

አስተዳዳሪው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ማኅተሙንም በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያም ለመሪጌታ ተሻገር አቀበሏቸው። ሽማግሌው ግን አላነበቡትም። ወደ ይታይሽ ዘወር አሉ።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ መሪጌታ። ሰው ነው የገደላት። የሞተችውም እውነቱን ልትናገር ስትል ነው።»

መሪጌታ ወረቀቱን አጥፈው ከደረታቸው ከተቱት። ጥምጥማቸውን ፈትተው እንደገና አሰሩ፤ ለዚህም ጊዜ ወሰዱ። አስተዳዳሪው ለካህናቱ ምልክት ሰጡ። ሰንበቴ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠው የነበሩት አራት ቀሳውስት እየተጣደፉ ወጡ፤ አንድ ዲያቆን ፍም ለማምጣት ሮጠ። ከሜዳው ላይ ሁለት ቀን ታፍኖ የቆየው ልቅሶ በአንድ ጊዜ ፈነዳ።

ፍቅርአዲስ፣ ምንይችልና ዐሥራ አንዱ አዲስ ሰብሳቢዎች በቅጥሩ በር ላይ ተጠጋግተው ቆመዋል። ይታይሽ ቆቧን አውልቃ ከጎናቸው ቆመች።

ጸሎቱን የሚመሩት ቄስ መጽሐፉን ገለጡ፤ ከዚያም ቀና ብለው ወደ አባቷ ተመለከቱ። ሟች በፍትሐት የምትነሣው በክርስትና ስሟ ነውና ጠበቁ።

«ወለተ ኪዳን» አሉ መሪጌታ ተሻገር።

ቄሱ ተቀብለው ስሙን ከፍ ባለ ዜማ ደገሙት፤ ካህናቱም ተከተሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሰኞው ከአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አብረዋት የተቀመጡት ሁሉ ይህን ስሟን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር። ምንይችል በቀስታ፣ ለራሱ ብቻ፣ ስሙን ደገመው።